«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» በሚለው መልስ የሚደበቅ ሕመም



ዛሬ የምጽፈው በስብከታችን ብዙ ጊዜ ስለማንነካው ጉዳይ ነው። ካንሰር የያዛቸው ወገኖቻችን ሕመማቸውን ለሐኪም ስለሚናገሩበት መንገድ፣ በተለይም በብዙ የካንሰር ሕክምና ቦታዎች በስልክና በኮምፒውተር እንዲሞሉት ስለሚላክላቸው መጠይቅ ነው። ጉዳዩ የሐኪሞች እንጂ የመጋቢ አይመስልም። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በማገለግልበት በአንድ የአሜሪካ ከተማ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናታችን ካንሰሩ ወደ አጥንታቸው ተዛምቶ ነበር። ልጃቸው ከሥራ መቅረት ስላልቻለች ለቀጠሮአቸው እኔ ወሰድኳቸው፤ በዚያውም አስተርጓሚ ሆንኩ። ነርሷ «ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው በላት» አሉኝ። እኔም እንዳሉኝ «ደህና ናቸው» አልኩ። ነርሷ በየሳምንቱ በስልክ የሚሞላውን መጠይቅ ከፍታ አየች፤ ሁሉም ዜሮ ነበር። ደስ ብሏት ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈች። መጠይቁን የምትሞላው ልጃቸው ነበረች። እርሷም ከእናቷ የምታገኘው መልስ ያው «ደህና ነኝ» ነበር።

ከሳምንት በኋላ ለጸሎት ቤታቸው ስሄድ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ትራስ ተደራርቦ አየሁ። የልጅ ልጃቸው «አያቴ አልጋ ላይ መተኛት ከተወች ቆየች። ጀርባዋን ያማታል፤ ሌሊት ሌሊት ታቃስታለች» አለኝ። እማማን ለምን እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጌታ ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክሞኝ፣ አሁን አመመኝ ብዬ ብናገር እርሱን ማማት አይሆንብኝም?»

በዚያ ቀን ያፈርኩት በእርሳቸው ሳይሆን በራሴ ነው። ይህን ትምህርት ከማን እንደተማሩት አውቃለሁና።

ማስታገሻ ሕክምና ምንድን ነው?

ፓሊዬቲቭ ኬር ወይም ማስታገሻ ሕክምና የሚባለው ከባድ በሽታ ያለበትን ሰው ሕመምና ጭንቀት ለማቅለል የሚሰጥ እንክብካቤ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስም ስንሰማ «ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል» ማለት ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ማስታገሻ ሕክምና ከኬሞቴራፒና ከጨረር ሕክምና ጋር ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል፤ ቀደም ብሎ ሲጀመርም ይጠቅማል። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የተዛመተ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን 151 ሰዎች ተከታትሏል። ከመጀመሪያው ማስታገሻ ሕክምና ያገኙት የተሻለ ኑሮ ኖረዋል፤ ዕድሜአቸውም በመካከለኛ ስሌት 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 57 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይህ እንክብካቤ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት ግን 14 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

የዚህ ሕክምና ታሪክ ከእምነታችን ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። ሲስሊ ሳውንደርስ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1945 በክርስቶስ አመነች። አስቀድማ ነርስ፣ ቀጥላም በሆስፒታል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1948 ከዋርሶ የመጣ ዴቪድ ታስማ የተባለ አይሁዳዊ ስደተኛ በካንሰር ሊሞት ሲል ትጎበኘው ነበር። እርሱም ለምታልመው ቤት መስኮት ይሆን ዘንድ 500 ፓውንድ ትቶላት ሞተ። ከዚያ በኋላ ሕክምና ተምራ ሐኪም ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1967ም በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። ሳውንደርስ ከሕሙማኑ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ሕመማቸው እንዲነግሯት ትጠይቅ ነበር፤ ድምፃቸውንም ትቀዳ ነበር። ከእነርሱ የተማረችውም የሰው ሕመም አራት ነገር እንዳለው ነው፦ የሥጋ፣ የአእምሮ፣ የኑሮና የመንፈስ። እንግዲህ ይህ ሕክምና የጀመረው በማሽን አይደለም፤ በመጠየቅና በመስማት ነው።

በስልክ የሚመጣው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1991 በካናዳ በኤድመንተን ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች የሕመምተኛውን ሕመም፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀት፣ የምግብ ፍላጎትና የመሳሰሉትን ሕመምተኛው ራሱ የሚመዝንበት አጭር ቅጽ አወጡ። ይህ ቅጽ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። በኋላ ኢንተርኔት ሲስፋፋ እንዲህ ያሉ ቅጾች ወደ ኮምፒውተር፣ ቀጥሎም ወደ እጅ ስልክ ገቡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ሐኪሙ በወሰነው ጊዜ ወደ ስልክ መልእክት ይመጣል። «ባለፉት ሰባት ቀናት ሕመምዎ ምን ያህል ጠንካራ ነበር? ትንፋሽ ያጥርዎታል? ያስመልስዎታል? ሰገራ ይቸግርዎታል?» እያለ ይጠይቃል። መልሱ በቀጥታ ወደ ሕክምና ክፍሉ ይሄዳል። አንድ ምልክት ከተባባሰ ወይም ከተወሰነው መጠን ካለፈ ለነርሷ ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል፤ እርሷም ደውላ ትመክራለች፣ መድኃኒት እንዲስተካከል ታደርጋለች፣ ካስፈለገም «ቶሎ ይምጡ» ትላለች።

ጥቅሙ በጥናት ተፈትኗል። በኒውዮርክ ከተማ በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል በዶክተር ኢታን ባሽ መሪነት የተዛመተ ካንሰር ያለባቸውና ኬሞቴራፒ የሚወስዱ 766 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል እንደተለመደው ታከመ። ሌላው ክፍል ደግሞ በተጨማሪ 12 የሕመም ምልክቶችን በኮምፒውተር ያሳውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት መሠረት ካሳወቁት መካከል የ34 ከመቶው ኑሮ ተሻሽሏል፤ ከሌሎቹ የተሻሻለው የ18 ከመቶው ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄዱት ካሳወቁት 34 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 41 ከመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የዕድሜአቸው ልዩነት ታወጀ፤ መካከለኛው ዕድሜ ካሳወቁት መካከል 31.2 ወር፣ ከሌሎቹ 26 ወር ሆኖ ተገኘ።

አምስት ወር ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የልጅ ሠርግ ሊሆን ይችላል፤ ከወንድም ጋር መታረቂያ ጊዜም ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጥናት እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የበለጠ የተጠቀሙት ቀድሞ ኮምፒውተር የማያውቁት ነበሩ። «እማማ ይህን አይችሉም፣ አናስቸግራቸው» የምንል ልጆችና አገልጋዮች ይህን ልብ እንበል።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። በ52 የአሜሪካ የካንሰር ሕክምና ተቋማት በ1,191 ሰዎች ላይ ሌላ ትልቅ ጥናት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ሕመማቸውን በየሳምንቱ ያሳወቁት የአካል ብርታታቸው፣ የሕመማቸው መቆጣጠርና ኑሮአቸው የተሻለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የመጨረሻ ውጤት ደግሞ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄዳቸው ዘግይቷል፤ በዕድሜ ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ መጠይቁ ዕድሜ ይጨምራል ብለን ለማንም ተስፋ አንስጥ። ሕመምን ያቀልላል ማለት ግን እንችላለን። ለሚሰቃይ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደግሞም የሚሠራው ስልኩ አይደለም። በኒውዮርኩ ጥናት ነርሶቹ ከደረሷቸው ማስጠንቀቂያዎች ከአራቱ ለሦስቱ ያህል አንድ ነገር አድርገዋል። በአንድ ወገን እውነቱን የሚናገር ሕመምተኛ፣ በሌላ ወገን ሰምቶ የሚነሣ ሰው ያስፈልጋል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ መጠይቁ ባዶ ወረቀት ነው። በእማማ ቤት የጎደለው የፊተኛው ነበር።

ለምን እንደብቃለን?

በአገልግሎቴ ካየኋቸው ምክንያቶች አራቱን ልጥቀስ።

አንደኛው፣ ሕመምን መናገር አለማመን ይመስለናል። «በአፍህ የተናገርከው ይሆንብሃል» እየተባለ ስለተሰበከልን፣ ከ10 ስምንት ብሎ መመለስ በሽታውን እንደ መቀበል ይቆጠራል።

ሁለተኛው፣ ቤተሰብን ላለማስጨነቅ ነው። እናት ልጇ ከሥራ እንዳትቀር ጥርሷን ነክሳ ትችላለች። ልጅም የእናቷን ስቃይ ለመቀበል ስለሚከብዳት ከልቧ «ደህና ናት» ብላ ትሞላለች። ሁለቱም የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን እናት ሌሊቱን ሶፋ ላይ ተቀምጣ ማንጋቷ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ሕመምን በቁጥር መመዘንም ለብዙ ወላጆቻችን እንግዳ ነገር ነው። እንደ እኔ ያለው አስተርጓሚ ደግሞ አፉ የለመደውን ይናገራል።

አራተኛው ሞርፊንን መፍራት ነው። «እሱን ከጀመሩ አበቃ» ወይም «ሱስ ያስይዛል» ይባላል። በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱና ሱስ መያዝም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የሆድ ድርቀት ግን ስለሚያመጣ ሐኪሞች አብረው የሚያለሰልስ መድኃኒት ያዝዛሉ። የሚያስፈራ ነገር ካለ ሐኪሙን መጠየቅ ነው እንጂ ሕመሙን ዜሮ ብሎ መሙላት መፍትሔ አይሆንም።

መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያስተምረናል?

ጌታችን ኢየሱስ ከኢያሪኮ ሲወጣ ዕውሩ በርጤሜዎስ በጩኸት ጠራው። ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት (ማር. 10፥48)። ጌታ ግን ቆመ፤ አስጠራው፤ ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድም ጠየቀው (ማር. 10፥51)። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ዕውር መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? አይደለም። ችግሩን ከራሱ አፍ ሊሰማ ወደደ። በመንገድ ዳር ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ ዝም በል የሚሉና ንገረኝ የሚል። ቤተ ክርስቲያን በሕሙማን አጠገብ ስትቆም ከየትኛው ወገን ናት?

ሐዋርያው ጳውሎስ በእስያ የደረሰበት መከራ ከአቅሙ በላይ እንደነበረ፣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እስኪቆርጥ ድረስ እንደከበደው ጻፈ፤ ወንድሞቹም ይህን ሳያውቁ እንዲቀሩ አልወደደም (2ቆሮ. 1፥8)። ይህን የጻፈው ስለ እምነት ያስተማረን ራሱ ጳውሎስ ነው። ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱና ስለሚደጋገምበት ድካም ጥቂት ወይን እንዲጠቀም መከረው (1ጢሞ. 5፥23)። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ ማዘኗን ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው (ማቴ. 26፥38)። ኃጢአት የሌለበት እርሱ ሕመሙን ከተናገረ፣ ሕመምን መናገር ኃጢአት ሊሆን አይችልም።

አንዳንዶች «ኢየሱስ ሊሰቀል ሲል ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አልቀበልም ብሏል (ማር. 15፥23)፤ እኛም ማስታገሻ አንውሰድ» ይላሉ። ነገር ግን ጌታ በመስቀል ላይ የኃጢአታችንን ዋጋ ይከፍል ነበር። ያ ጽዋ የእርሱ ብቻ ነው፤ ተከፍሎ አልቋል። በካንሰር የሚሰቃይ ወገናችን በሕመሙ የሚከፍለው ዕዳ የለበትም። እንዲያውም ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የፈውስን ቃል ከእግዚአብሔር ካመጣለት በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል (ኢሳ. 38፥21)። ጸሎትና መድኃኒት በአንድ ቤት ሲኖሩ አይጣሉም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ሕመምተኛው ራሱ ይመልስ። ማንበብ ካልቻሉ እናንብብላቸው፤ ስልኩን መንካት ካልቻሉ እንንካላቸው። መልሱ ግን የእነርሱ ይሁን። የሚሰማቸውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ብዙ ሆስፒታሎች ሕመምተኛው ከፈቀደ ቤተሰብ በራሱ ስም የሚገባበትን መንገድ ይሰጣሉ፤ ማን እንደሞላው እንዲታወቅ በዚያ መጠቀም ይሻላል።

2. ጥያቄውን በሚገባቸው መንገድ እንጠይቅ። ቁጥር ካስቸገራቸው «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኙ? ስንት ጉርሻ በሉ? ለጸሎት መንበርከክ ቻሉ? ከባለፈው ሳምንት ባሰ ወይስ ተሻለ?» ብለን እንጀምር። ምስጋናውንም አንከልክላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ካሉ በኋላ «አሜን፤ አሁን ደግሞ ስለ ጀርባዎ ይንገሩኝ» እንበል።

3. አስተርጓሚ እንጠይቅ። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። መጋቢም ሆነ ልጅ አብሮ ይሂድ፤ የሕክምናውን ቃል ግን በሙያው የሠለጠነ ሰው ይተርጉም። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው።

4. መጠይቁ የድንገተኛ ጥሪ አይደለም። መልሱን ማን እንደሚያነብ፣ በሌሊትና በቅዳሜ እሑድ የሚያነብ ሰው መኖሩን አስቀድመን እንጠይቅ። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ፣ በድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ከጀርባ ሕመም ጋር እግሩ ከዛለ ወይም ሽንት እምቢ ካለው መልእክት ጽፎ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ይደወል።

5. የሕመምተኛውን ምሥጢር እንጠብቅ። በመጠይቁ የተጻፈው ለሐኪሙ የተነገረ ቃል ነው። ሳናስፈቅድ ፎቶ አንስተን በጸሎት ቡድን ገጽ ላይ አንልቀቀው። «የጸሎት ርዕስ» ብለን የምናሠራጨው ነገር አንዳንድ ጊዜ ሐሜት ይሆናል። ምሥጢሩ እንደማይጠበቅ ያወቀ ሰው ደግሞ ሁለተኛ እውነቱን አይሞላም።

6. ስልኩና ፖርታሉ በሌለበትም ይህን ማድረግ ይቻላል። የአፍሪካ የፓሊዬቲቭ ኬር ማኅበር ያዘጋጀው አጭር መመዘኛ 10 ጥያቄ ብቻ አለው፤ ሰባቱ ለሕመምተኛው፣ ሦስቱ ለቤተሰቡ። ስለ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ሰላም ይሰማው እንደሆነ፣ የልቡን ለቤተሰቡ ማካፈል ችሎ እንደሆነም ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን በቤታቸው ይንከባከባል። በአገር ቤት ያሉ አብያተ ክርስቲያናትም የጉብኝት አገልጋዮቻቸው በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ደውለው እነዚያኑ ጥያቄዎች ቢጠይቁና መልሱን በደብተር ቢጽፉ፣ ሕመምተኛውም ደብተሩን ወደ ሐኪሙ ይዞ ቢሄድ ትልቅ እርዳታ ነው።

7. ሄደን ዝም ብለን እንቀመጥ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር (ኢዮ. 2፥13)። የተሳሳቱት ስለ ሕመሙ ከእርሱ ይልቅ እናውቃለን ባሉ ጊዜ ነው። የመንፈስ ጥያቄ ያለበትን ሰው ስልክ አይመልስለትም። ይህ የእኛ ድርሻ ነው።

በመጨረሻ

ወደ እማማ ልመለስ። በዚያ ቀን በርጤሜዎስን አብረን አነበብን። ከዚያም «እማማ፣ ያስተማርንዎ ልክ አልነበረም፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው የልጅ ልጃቸውን ጠሩና ስልኩን እንዲያመጣ አዘዙት። እርሱ እያነበበ፣ እርሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ መለሱ። ለሕመማቸው ስምንት አሉ። ለእንቅልፋቸው ዘጠኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ነርሷ ደወለች። መድኃኒታቸው ተስተካከለ፤ ለአጥንታቸውም ጨረር ታዘዘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስጎበኛቸው ሶፋው ላይ ትራስ አልነበረም። አልጋቸው ላይ ተኝተው አገኘኋቸው፤ ስገባም አልነቁም። ሳልቀሰቅሳቸው ከልጃቸው ጋር በቀስታ ጸልየን ወጣሁ።

እማማ በዚያው ዓመት ወደ ጌታ ሄዱ። አልተፈወሱም። በቀሩት ወራት ግን ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ጠርተው ባረኩ፤ እሑድ እሑድም በጉባኤው መካከል በዝማሬ ተቀመጡ። ሕመሙ አፋቸውን ይዞት ቢሆን ኖሮ ይህን ማድረግ ባልቻሉ ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ አንዳችን የሌላውን ሸክም እንድንሸከም ታዝዘናል (ገላ. 6፥2)። ያልተነገረን ሸክም ግን ማንም ሊሸከም አይችልም። በቤታችሁ የታመመ ካለ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጠይቁት። «ደህና ነኝ» ካላችሁም ወዲያው አትነሡ።

ጌታ የሚሰሙ ጆሮዎችን ይስጠን። አሜን።